የፊሉ ስምንት ቤቶች

ጸቡ የተነሣው ቁስለኛውን ማን ያክመው በሚለው ነው። ቦታው ሳንጃ፣ እህቴ ቤት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። መብራት ስለጠፋ የእጅ ባትሪ ከበረንዳው ማገር ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። የቆላው ሙቀት ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ስላለ ጠረጴዛው ወደ ውጭ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የካርቶን ቁራጭ ተዘርግቶ ገደል፣ ወንዝና አንድ ጠባብ መሻገሪያ በከሰል ተሥሎበታል። ከመሻገሪያው ወዲህ አራት ቆርኪዎች፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ አንድ የጀሪካን ክዳን ተቀምጠዋል። ክዳኑ ዘንዶ ነው። ቆርኪዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ደብተራ፣ መድኃኒት አዋቂ፣ ሽፍታና አዝማሪ።

ሽፍታው ቆስሏል።

«እኔ እጸልይለታለሁ፤ ሁለት ደምርልኝ» አለ ደብተራውን የያዘው ልጅ።

«ምን አደከመህ፤ እኔ ሥር አለኝ። ሁለት እደምራለሁ» አለ መድኃኒት አዋቂው።

አዝማሪዋን የያዘችው ልጅ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አነበበች። «የእኔም ‘ዘፍና ሁለት ትደምራለች’ ነው የሚለው» አለች። ወረቀቱን አስቀመጠችና የእህቴን ልጅ ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያ አዝማሪ መሆኔ ምን ፈየደ? ማሲንቆዬን ሰርዝና ሥር ብለህ ጻፍበት፤ ለሦስታችንም አንድ ሰው ይበቃናል።»

ሁሉም ዝም አሉ። የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ ጨዋታውን የሠራው እሱ ነው። ጎንደር ከሚማር ዘመዱ ስልክ ላይ ሕጉን አንብቦ፣ የገባውን በደብተር ገልብጦ፣ ያልገባውን ከራሱ ጨምሮ ለሁለት ወር ደክሞበታል። ፊቱ ሲቀላ በባትሪው ብርሃን እንኳ ይታይ ነበር። ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ።

የልጅቷ ጥያቄ ግን በአንድ ፍርድ የሚያልቅ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በውጭ ሮል ፕሌይንግ ጌም ይሉታል፤ የሚና ጨዋታ ብንለው ያስኬዳል። ስክሪን የለውም። አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በዚያ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋለህ?» ይባላል ተጫዋቹ። ያሰበውን ይናገራል፤ ነገሩ የሚያጠራጥር ከሆነ ዳይስ ይጣላል። እሳት ዳር ተቀምጦ ተረት ሲሰማ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ቀሪው ግማሽ አድማጩ ራሱ ተረቱ ውስጥ ገብቶ «እኔማ በዚህ አልሄድም» ለማለት መቻሉ ነው። ተጫዋቹ የሚይዘው ሰው ዓይነት ክላስ ይባላል። የሳንጃ ልጆች «ሙያ» ብለውታል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

የጨዋታው የዘር ሐረግ ከቼዝ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1780 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዮሐን ክርስትያን ሉድቪግ ሄልቪግ የተባለ የብራውንሽቫይግ ሰው የቼዝን ሰሌዳ ለጥጦ 1,617 ቤቶች ያሉት የጦርነት ጨዋታ ሠራ። በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ክሪግስሽፒል የሚባለውን የራሱን ጨዋታ ለጦር ማሠልጠኛ አቀረበ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሆኖ የሚዳኝ ሰውም አስቀመጠበት። የዛሬው አጫዋች የዚያ ዳኛ ልጅ ነው። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አንድ ሺህ ቅጂ አሳተሙ። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ጦር ያዝዝ ነበር፤ በእነሱ ጨዋታ ግን አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

በዚያ መጽሐፍ ሦስት ሙያዎች ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው የመጣው በዓመቱ፣ በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ከሦስቱ የካህኑ አመጣጥ ይደንቀኛል። አርነሰን ቤት ውስጥ ከሚጫወቱት አንዱ ሰር ፋንግ የሚባል ደም መጣጭ ሆኖ ነበር። እየበረታ ሄዶ የሚመክተው ጠፋ። እሱን የሚመክት ሰው ሲፈለግ መስቀል ይዞ የሚቆም ቄስ ተፈጠረ። ካህኑ የተወለደው «ደግሞ ምን ኃይል እንጨምር?» ከሚል ሐሳብ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ባለመኖሩ ነው። ስለት ያለው መሣሪያ እንዳይዝም ተከለከለ፤ ዱላና መዶሻ ብቻ ተፈቀደለት። አስማተኛው ጋሻና ጥሩር አይለብስም፤ ድግምቱን ከመንገዱ በፊት ያጠናል፤ አንዴ ከደገመው ካላጠናው በቀር አይመለስለትም። ተዋጊው ድግምት የለውም፤ ነገር ግን ደክሞኛል ሳይል ይዋጋል። አንዱ የጎደለው ሌላው ጋ ነበር።

የእህቴ ልጅ የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደግሞም ብቻውን አልሳተም። የዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አራተኛ እትም በ2008 ሲወጣ አዘጋጆቹ የእያንዳንዱን ሙያ ድርሻ በግልጽ ጻፉ፤ ይህ ይከላከላል፣ ያኛው ያጠቃል፣ ይህኛው ጓደኞቹን ያግዛል፣ ያ ደግሞ ሜዳውን ይቆጣጠራል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። የሁሉም ችሎታ ግን በአንድ ቅርጽ ተቀረጸ፤ ዘወትር የሚሠራ፣ በውጊያ አንዴ የሚሠራ፣ በቀን አንዴ የሚሠራ። ብዙ ተጫዋቾች ጦረኛ ሆነውም አስማተኛ ሆነውም እጃቸው የሚሠራው ሥራ አንድ ሆነባቸው፤ አጥብቀው ካማረሩበት ነገር አንዱ ይህ ነው። በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም አሥራ ሁለት ሙያዎች ሲያቀርብ ያንን ቅርጽ ትቶት ነበር።

የሳንጃው ጨዋታ ሒሳብም ያው ነው። ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ስምንትና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው፤ ከእነዚህ ስምንት የሚሞሉት 15 ናቸው። ሁለት ሲደመር የሚያሳኩት 26 ይሆናሉ። ደብተራው ሲጸልይ 26፣ መድኃኒት አዋቂው ሥር ሲምስ 26፣ አዝማሪዋ ስትዘፍን 26። ሦስት የተለያየ ልብስ የለበሰ አንድ ቁጥር። ልጅቷ ሒሳቡን ሳትሠራ አውቃዋለች።

ሳንጃን ለማያውቅ፤ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሑመራ የሚወርደው መንገድ ትክል ድንጋይን አልፎ ቆላውን ሲይዝ የምትገኝ ከተማ ናት፣ የታች አርማጭሆ መቀመጫ። ስሟ ከጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ከሚሰካው ስለት ጋር አንድ ነው። የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ አረም ሲደርስና ሰሊጥ ሲታጨድ ከደጋው ብዙ ሰው ይወርድበታል። የእህቴ ልጅ ጨዋታውን ባሕር ማዶ ባለ ግንብ ውስጥ አላደረገውም፤ ዘንዶው የተኛው በዚሁ ቆላ፣ ጥቁሩ አፈር በበጋ በሚሰነጠቅበት፣ የግራር ጥላ ባለበት ነው። ይህን አይቼ ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ኢታን ኮሚክስ ጀምበርን የእኛው ባለ ልዕለ ኃይል አድርጎ ሥሏል። የራስን አገር ለምናብ መጠቀም ተጀምሯል ማለት ነው። ሳንጃ በረንዳ ላይ ደግሞ በቆርኪ ሲሠራ አየሁት።

ወደ ጸቡ ልመለስ። ያን ማታ «ይፍረዱ» ስባል የጠየቅሁት ከሰልና አንድ እፍኝ ማሽላ ነው።

ልጆቹ ቆርኪን የሚያውቁት ከዳማ ነው። ግማሹን በፊቱ፣ ግማሹን በጀርባው ደርድረው መንገድ ዳር ይጫወቱታል። ዳማ ላይ ሁሉም ቆርኪ እኩል ነው፤ እስኪነግሥ ድረስ አንዱን ከሌላው የሚለየው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ገበጣም እንዲሁ፤ ጠጠር ሁሉ ጠጠር ነው። ድንቅ ጨዋታዎች ናቸው። ለሙያ ግን አስተማሪው ሌላ ነው። ካርቶኑን ገልብጬ ስምንት በስምንት ሠራሁና ስለ ሰንጠረዥ ነገርኳቸው።

ሰንጠረዥ የእኛ ቼዝ ነው። የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አይቶ ጽፏል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውና በ1860 ጎንደር አጠገብ የተገደለው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም ዘርዝሮታል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥቶታል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ቅዳጅ ተለይተዋል። ንጉሥ አለ፤ ከጎኑ ፈርዝ፤ ከዚያ ፊሎች፣ ፈረሶች፣ ደሮች፤ ከፊታቸው መደቆች። ጨዋታው በወረራ ይጀመራል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። ተመልካቹ ዝም አይልም፤ ዙሪያውን ከብቦ ይመክራል፣ ይጮኻል።

ልጆቹን ያቆየኋቸው ፊሉ ላይ ነው። ፊል ዝሆን ማለት ነው። በማዕዘን አቅጣጫ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መሐል ላይ ያለው ወዳጅም ይሁን ጠላት አያግደውም። አንድ ቤት መራመድ አይችልም፤ ሦስትም አይችልም። አንድ ቆርኪ በፊሉ ቦታ አስቀመጥሁና «ሊደርስበት የሚችለውን ቤት ሁሉ በማሽላ ፍሬ ምልክት አድርጉበት፤ ስንት ጊዜም ይዝለል» አልኳቸው። አራቱም ተደፉበት። አንዱ ሲያስቀምጥ ሌላው ያነሣል፤ «እዚያማ አይደርስም!» ይባባላሉ። በመጨረሻ ፍሬው ተቆጠረ። ስምንት። ከ64ቱ ቤት ስምንቱ ብቻ።

«ምስኪን!» አለች አዝማሪዋ።

የሌላኛውንም ፊል አድርጉ አልኳቸው፤ ሌላ ስምንት ቤት ሆነ። ከጠላት ወገንም ሁለቱ እንዲሁ። አራቱ ፊሎች 32 ቤት ተከፋፍለው አንዱ የሌላውን አንድ ቤት እንኳ አይነካም። ፊል ፊልን ሊበላው አይችልም፤ ሊያግዘውም አይችልም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳይገናኙ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይኖራሉ። የዛሬው የቼዝ ጳጳስ ግማሹን ሰሌዳ እንደ ልቡ ይሄድበታል፤ ፊሉ ጠባብ ነው። ነገር ግን በፊሉ ስምንት ቤት የቆመ ፈረስ ከደር ሲሸሽ፣ ከመደቅ ሲሸሽ፣ ፊሉን ይረሳዋል። ያን ጊዜ ፊሉ ከመደቅ ጀርባ ዘሎ ይመጣበታል። ፊል ያለው ሰው ሐሳቡ ሁሉ «ጠላቴን ወደ ስምንቱ ቤት እንዴት ላምጣው?» ነው። ፈረስ ያለው ሰው እንዲህ አያስብም። እኔ ሙያ የምለው ይህንን ነው፤ ለባለቤቱ የራሱ የሆነ ጥያቄ የሚሰጠውን ነገር። ጥያቄው የሚወለደው ደግሞ ከማይችለው ነው።

ሰንጠረዥ ላይ የማይረሱ ሁለት ልማዶች አሉ። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማጥመድ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ፣ በፊልና በፈርዝ፣ ማሸነፍ ነው የሚያስከብረው። ሌላው፣ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍም፤ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ስለዚህ አሸናፊው የባላጋራውን የመጨረሻ ሰው ሳይበላ መጠበቅ አለበት። የጠላትን የመጨረሻ ሰው እየጠበቁ ጠላትን መያዝ፤ ይህንን ሕግ ያወጣ ሰው ስለ ጨዋታ ብዙ ያሰበ ነው።

የእህቴ ልጅ ማሽላውን እየሰበሰበ «ጋሼ፣ ይህ ግን ቼዝ ነው፤ ሰው አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ስም አለው፤ ሹመት አለው። እኛ ደግሞ ለሙያ ስም ማውጣት የምናውቅ ሕዝብ ነን። የድሮውን የጦር ሰፈር አስቡት። ፊታውራሪ ከፊት ነው፤ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፤ ደጃዝማች ደጁን ይይዛል። ስሙን የሰማ ሰው የት እንደሚቆም ያውቃል። ፊታውራሪ ገበየሁ ዐድዋ ላይ የወደቁት ስማቸው ባዘዛቸው ቦታ፣ ከፊት ነው። ነጋድራሱ የነጋዴ አለቃ ነው፤ በጅሮንዱ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ለጨዋታ ሠሪ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሊቀ መኳስ ነው። ሥራው ንጉሡን መስሎ መልበስ ነበር፤ በጦር ሜዳ ጠላት ንጉሡን ሲፈልግ እሱን እንዲያገኝ። ይህን ሙያ ለአንድ ተጫዋች ብትሰጡት የኃይል ቁጥር መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ጥይት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ ክብር ሁሉ ለሌላ ይሄዳል፤ ማን መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ተጫዋቹ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ምን እንደሚያስጨንቀው ያውቃል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ተሰብስበን አራቱን ሙያዎች እንደገና ጻፍናቸው። አንድ ሕግ አስቀደምን፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው «አይችልም» ነው።

ሽፍታው ቀላል ነበር። በጠራራ ፀሐይ ገበያ አይገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቆምም፣ የሚያውቀው ሰው ባየው ቁጥር ዳይስ ይጣልበታል። ጥይቱ በቁጥር ነው። በምትኩ ዱሩ የእሱ ነው፤ መንገድ ጠፋን ማለት ለእሱ ቡድን የለም።

መድኃኒት አዋቂው ብቻ ቁስል ይፈውሳል፤ ጸሎትና ዘፈን ከዚህ ወጡ። የሚፈውሰው ግን በያዘው ነው፤ የሚይዘውም ከመንገድ ላይ ለቅሞ ነው። ኮሶ ደጋ ነው የሚበቅለው፤ ቆላ ወርዶ ኮሶ ቢያምረው አያገኝም። ስለዚህ ቡድኑ ከጎንደር ከፍታ ወደ ሳንጃ ሲወርድ እሱ ከሁሉም ቀድሞ «እዚህ ጋ እንቆይ» የሚል ሰው ሆነ። ሌሎቹ ይቸኩላሉ፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

ደብተራው አከራከረን። ልጁ አስማተኛ እንዲሆንለት ፈልጎ እሳት የሚተፋ ድግምት አስቦ ነበር። እኔ ጎንደርን አነሣሁ። ደብተራ እዚያ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አቋቋም ለመማር፣ ከዚያ በፊት ዜማ፣ ቅኔም ለመቁጠር ዓመታት ይፈጃል፤ ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ተሰዶ ነው። ዘንዶ በመግደል ቅኔ አይገባም። ስለዚህ የደብተራው ደረጃ የሚያድገው በጦርነት መሆኑ ቀረና መምህር ፈልጎ ሲያገኝ ሆነ። ክታቡን ደግሞ እንዳለ ከባህሉ ወሰድነው። ክታብ የሚጻፈው በባለቤቱ የክርስትና ስም ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ሆነ፦ ደብተራው ክታብ የሚጽፈው ከመንገዱ በፊት ነው፤ በውጊያ መሐል ብራና አይፍቅም። የሚጽፈውም የክርስትና ስሙን ለነገረው ሰው ብቻ ነው። ስሙን የነገረ ሰው በክታቡ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ደብተራው በማንኛውም ጊዜ ያንን ስም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለክፉም ቢሆን።

ሽፍታውን የያዘው ልጅ ወዲያው «እኔ ስሜን አልነግረውም» አለ። ደብተራው ፈገግ አለ። ጨዋታው ገና አልተጀመረም፤ ሁለት ሰዎች ግን በመካከላቸው የሚጠራጠሩበት ነገር አገኙ። ይህ ከየትኛውም «ሁለት ደምር» ይበልጣል።

እዚህ ላይ ያን ቀን የተቀላቀለን አንድ ልጅ አምስተኛ ሙያ አመጣ። ቀጥቃጭ፤ ቀን ብረት የሚሠራ፣ ማታ ጅብ የሚሆን፣ በዓይኑ ሰው የሚበላ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ደስም አላቸው፤ ጥሩ አውሬ ይወጣዋልና። እኔ ግን እንቢ አልኩ፤ ለምን እንዳልኩም ነገርኳቸው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ፣ በየአገሩም፣ ቤተ እስራኤል ርስት ተከልክለው በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ኖረዋል፤ ማረሻውንና ምጣዱን ከእነሱ እየገዛ ሕዝቡ ቡዳ ሲላቸው ኖሯል። በሌሎችም ባለ እጆች ላይ እንዲሁ ሆኗል። ስሙ ሰው አስገድሏል፤ ጋብቻ ከልክሏል፤ ልጅን ከልጅ ለይቷል። በጨዋታ ሙያ የሚመረጥ ነገር ነው፤ በእኛ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ከእናት ማሕፀን ጋር የተቆራኘ ነበር፤ አዝማሪውም ከዚያ ንቀት አላመለጠም። የምናብ ዓለም ስንሠራ ያንን ንቀት ይዘን ከገባን ልጆቻችን በጨዋታ ይለማመዱታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጻፍን። በየትኛውም ወረቀት ላይ «የማን ልጅ» የሚል መስመር አይኖርም። ቀጥቃጩም ይኖራል፤ ግን እንዲህ ሆኖ፦ ብረት ሁሉ በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ነጥብ ያረጃል፤ ጠመንጃም፣ ቢላዋም፣ የፈረስ ልጓምም። የሚያድሰው እሱ ብቻ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ልጅ ትንሽ አሰበና «እንግዲያ ያለ እሱ ሦስት ጉዞ አንሄድም» አለ። ቀጥቃጩን ራሱ ወሰደው።

አዝማሪዋን መጨረሻ ላይ አቆየናት፤ ጥያቄውን ያነሣችው እሷ ስለሆነች።

ከጎንደር ብዙም በማይርቀው ቡርቧክስ አዝማሪነት የመንደር ሥራ ነው፤ ልጅ ማሲንቆን ከአባቱ ጭን ላይ ሆኖ ይሰማል። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው። አዝማሪ የሚገባበት ቤት አይቆጠርም፤ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ የመኳንንት ግብርም፣ ጠጅ ቤትም። የማይደፈር ጌታ ፊት የማይነገር ነገር ይናገራል፤ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለገባው። ይህን ሁሉ «ሁለት ደምር» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

«ምን አትችልም?» አልኳት።

«መሣሪያ አልይዝም» አለች። «ከያዝሁ ማንም ቤቱ አያስገባኝም።»

«ሌላስ?»

አሰበች። ጠጅ ቤት ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ያነሣችው እሷ ናት። አዝማሪ ሲዘፍን ታዳሚው «ተቀበል!» ይለዋል፤ ስንኙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ አሳምሮ ይመልሰዋል። «ራሴ አልጀምርም» አለች። «ከመካከላችሁ አንዱ ስንኝ ካልሰጠኝ አፌ ዝግ ነው።»

በረንዳው ላይ ሁላችንም ተያየን። አንድ የጨዋታ ሕግ ከዚህ በላይ ምን ሊሠራ ይችላል? ወረቀቷ ላይ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ አዝማሪዋ በር የማይዘጋባት ናት። ዳይስ አትጥልም። ስንኝ የሚሰጣት ተጫዋች ሰሙን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አጫዋቹም፣ የአጫዋቹ ሰዎችም፣ ዘንዶውም ይሰሙታል፤ የሰሙትንም ያምናሉ። እሷ ደግሞ ወርቁን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ለአንድ ጓደኛዋ ብቻ በጠረጴዛው ሥር ታቀብላለች። ያ ሰው ያነበበውን በሚቀጥለው ተራ ማድረግ ይችላል፤ አጫዋቹም ሊከለክለው አይችልም።

የእህቴ ልጅ ሕጉን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እኔ እንኳ አላውቅም ማለት ነው? ምን እንደተባባሉ?»

«አታውቅም» አለችው።

ማታ መብራቱ አልመጣም ነበር። ባትሪው እንደገና ተሰቀለ፤ ካርቶኑ ወደ ገደሉና ወንዙ ተገለበጠ። ሽፍታው እንደ ትናንቱ ቆስሎ ተኝቷል። መድኃኒት አዋቂው ኮረጆውን ከፈተ፤ ያለው አንድ ሥር ብቻ ነው፤ ሌላው ደጋ ላይ ቀርቷል። ደብተራው «የክርስትና ስምህን ንገረኝ፤ የተጻፈልህ ነገር ይኖር ነበር እኮ» እያለ ቁስለኛውን ያበሽቀዋል። ቀጥቃጩ የተሰነጠቀውን ጠመንጃ ይዞ ከሰል የለኝም ይላል። የጀሪካኑ ክዳን ከመሻገሪያው ማዶ ትንሽ ቀረበ፤ ዘንዶው ነቅቷል።

«ምን ታደርጋላችሁ?» አለ አጫዋቹ።

አዝማሪዋ ቆርኪዋን አንሥታ ከወንዙ ዳር፣ ከሁሉም ፊት፣ አስቀመጠችው። ባዶ እጇን አሳየች። ከዚያ ወደ ቁስለኛው ዞረች።

«ስጠኛ» አለችው።

ሽፍታው ግራ ገባው፤ ግጥም የሚችል ልጅ አይደለም። ሁላችንም ጠበቅነው። አንገቱን አከከ፤ ካርቶኑን አየ፤ ቀስ ብሎ አንድ ስንኝ አወጣ፤ ስለ ወንዙ መሙላትና ስለ ቤቱ ነበር። አጫዋቹ በዘንዶው አፍ ሊመልስ ሲጀምር እሷ አቀርቅራ እየጻፈች ነበር። ወረቀቷን አጣጠፈችና በጠረጴዛው ሥር ለመድኃኒት አዋቂው አቀበለችው። ልጁ ወደ ባትሪው ብርሃን ፊቱን አዙሮ አነበበ። ኮረጆውን ተመለከተ፤ ያቺን አንድ ሥር አወጣ፤ ቆርኪውን ግን ወደ ቁስለኛው አልወሰደውም። ወደ ውኃው ወሰደው።

«ምን ተጻፈ?» አለ የእህቴ ልጅ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ።

መድኃኒት አዋቂው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ላንተ አልተጻፈም» አለችው አዝማሪዋ። «ተራው የእሱ ነው፤ ጠይቀው።»